ካርል ያስፐርስና የሕመምተኛው ቃል

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የጀርመን የአእምሮ ሕክምና ተስፋውን የጣለው በአንጎል ምርምር ላይ ነበር። የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ኃላፊ ፍራንዝ ኒስልም የነርቭ ሕዋሳትን በቀለም ለይቶ በማሳየት ዘዴያቸው የታወቁ ተመራማሪ ነበሩ። በዚሁ ክሊኒክ ያለ ደመወዝ በረዳትነት ያገለግሉ የነበሩት ወጣቱ ሐኪም ካርል ያስፐርስ ግን ማይክሮስኮፕ የማይመልሰውን ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም ሕመምተኛው ራሱ የሚኖርበት ዓለም በምን መንገድ ይታወቃል? የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1883 የተወለዱት ያስፐርስ ሕመምን ያወቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የብሮንኪየክታሲስ ሕመምተኛ ነበሩ። በዚህም ምክንያት የክሊኒኩን መደበኛ ሥራ መሸከም ስላልቻሉ፣ ጥቂት ሕመምተኞችን ተረጋግተው የማነጋገር ዕድል አገኙ።

ፈላስፋው ኤድሙንድ ሁሰርል እ.ኤ.አ. በ1900 እና 1901 ባሳተሙት ሥራ ፌኖሜኖሎጂ የተሰኘውን የምርምር ስልት አስተዋውቀው ነበር። የስልቱ መሠረት የአንድን ነገር ምክንያት ከመፈለግ አስቀድሞ፣ ነገሩ በሰው ንቃተ ኅሊና ውስጥ እንደምን እንደሚገለጥ በጥንቃቄ መግለጽ ነው። ያስፐርስ ይህንኑ ወደ ሕመምተኛው አልጋ አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው «አጠቃላይ ሳይኮፓቶሎጂ» በተባለው መጽሐፋቸው የሕመምን መንሥኤ ማስረዳት አንድ፣ የሕመምተኛውን ስሜት መረዳት ደግሞ ሌላ ተግባር መሆኑን ለዩ። ለምሳሌ ድምፅ እሰማለሁ የሚል ሕመምተኛ ሲቀርብ፣ ድምፁ እንደ ሰው ንግግር ከውጭ ይመጣ እንደሆነ ወይስ በውስጡ ብቻ የሚያስተውለው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሆኖም አንዳንድ የተሳሳቱ እምነቶች ፈጽሞ ሊረዷቸው አይቻልም ማለታቸው ሐኪሙን ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል የሚል ትችት አስከትሎባቸዋል።

ያስፐርስ በኋላ ወደ ፍልስፍና ተሻግረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። ባለቤታቸው አይሁዳዊት በመሆናቸው ግን የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ከሥራ አሰናበታቸው። ቀድሞ ያገለገሉበትን ክሊኒክ በዚያን ጊዜ ይመራ የነበረው ሐኪም ካርል ሽናይደር ሕሙማንን በመግደሉ መርሐ ግብር ተካፋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 ከ70,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በጋዝ ተገደሉ። ሞት የሚፈርዱት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን ሳያዩ፣ የተሞላ ቅጽ ብቻ አንብበው ምልክት ያደርጉ ነበር።

ያስፐርስ እ.ኤ.አ. በ1969 በባዝል ከተማ አረፉ። የሁለቱ ዘመናት ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ሕመምተኛን ማድመጥ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አለመሆኑን ያስገነዝባል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው በካርዱ ላይ የበሽታውን ስም ከማስፈሩ በፊት፣ ሕመምተኛው በራሱ አንደበት የሚናገረውን አስቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል።