የቡና ቤት ሴት በኢትዮጵያ ፊልም

የቡና ቤት ሴት በመጠጥ ቤት፣ በአዝማሪ ቤት ወይም በጭፈራ ቤት እየሠራች የምትተዳደር፣ ብዙ ጊዜም ገላዋን ለመሸጥ የተገደደች የፊልም ገጸ ባሕርይ ናት። የመጀመሪያው ነው ከሚባለው ረጅም የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም አንስቶ እስከ ዲጂታል ካሜራ ዘመን ድረስ ከሸራው ጠፍታ አታውቅም። በሌላው ዓለም በአነስተኛ በጀት ከሚሠራው ወሲብ ነክ ድራማ፣ በተለይም ሥራ አጥታ ራቁት ጭፈራ ቤት ከምትገባው ተዋናይት ታሪክ ጋር ትዛመዳለች። የኢትዮጵያው ፊልም ግን የሴቲቱን ኑሮ በዝርዝር ሲተርክ ገላዋን አያሳይም፤ ታሪኩም ከፍትወት ይልቅ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ደላላና ስለ ዕዳ ይሆናል።

መድረክና መሸታ ቤት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴያትር መጀመሪያ ላይ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ቴያትርና ሙዚቃ ሲያዘነብል፣ ለመድረክ የሚደፍሩ ሴቶች የሚገኙት በአብዛኛው ከዘፈንና ከመሸታ ቤት አካባቢ ነበር። የጨዋ ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መዝፈን ወይም የሰው ሚስት መስላ መተወን እንደ ነውር ይቆጠርባት ስለ ነበር፣ ተዋናይትንና ኮማሪትን በአንድ ዓይን ማየት የተለመደ ነበር። ይህ ግምት ለብዙ ዓመታት ተዋንያቱን ሲከተል ኖሯል።

ከእነዚህ ሴቶች ስሟ በሰፊው የሚታወቀው አስናቀች ወርቁ ናት። ተዋናይት፣ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ክራር ደርዳሪ የነበረችው አስናቀች በኢዮኤል ዮሐንስ «የፍቅር ጮራ» ቴያትር መድረክ ላይ የወጣችው በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ብዙዎች የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ባለሙያ ተዋናይት ይሏታል። ማን ቀደመ በሚለው ላይ ግን ሁሉም አይስማማም፤ ከቀዳሚዎቹ ጋር የሰላማዊት ገብረ ሥላሴም ስም ይነሣል። ክርክሩ የተነሣው ምናልባት «መጀመሪያ» ማለት አንድ ጊዜ መድረክ ላይ መታየት ነው ወይስ በሙያው ደመወዝ ማግኘት ነው የሚለው በግልጽ ተለይቶ ስላልተቀመጠ ነው።

የአስናቀች የክራር ዘፈኖች በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም በቁጥር 16 ተሰብስበዋል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ለእይታ በቃ። ተዋናይትነት፣ ውዝዋዜና የሌሊት ኑሮ በአንዲት ሴት ሕይወት የተገናኙበትን እውነተኛ ታሪክ የሚፈልግ ሰው፣ ከየትኛውም ልብ ወለድ ፊልም በፊት ይህንን ቢያይ ይሻለዋል።

«ሂሩት አባቷ ማነው»

በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸው «ሂሩት አባቷ ማነው» ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ ይጠቀሳል። ጽሑፉ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይት አበበች እጅጉ ናት። በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከተማው ወደ ሴተኛ አዳሪነት የገፋት ወጣት ሴት ታሪክ ነው፤ የልጅ አባት ጉዳይም ርዕሱ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ስለ ፊልሙ ከይዘቱ ይልቅ ዓመተ ምሕረቱ ነው ብዙ ያጻፈ። አንዳንድ ጽሑፎች 1964፣ ሌሎች 1965 ይላሉ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። በአገር ውስጥ የሚጠቀሰው 1957 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም 1964 እስከ ጳጉሜን 1965 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ስለሚሸፍን፣ አብዛኛው ልዩነት የዘመን አቆጣጠር ለውጥ ያመጣው ይመስላል። ይህን ሳያስተውሉ አንዱን ዓመት ከሌላው አስቀድመው ሙግት የገጠሙ ጽሑፎች አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ «የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ የማን ነው የሚል ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀውና በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የወጣው «ጉማ» ባለ ቀለም በመሆኑና የዛሬው የጉማ ፊልም ሽልማትም ስሙን የወሰደው ከእርሱ በመሆኑ፣ በሕዝብ ዘንድ ቀዳሚው ፊልም እርሱ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። በጊዜ ቅደም ተከተል ግን «ሂሩት» ይቀድማል። አዘጋጁ የውጭ ሰው ስለሆነ ፊልሙ የኢትዮጵያ ሊባል አይገባም የሚለው ክርክርም ብዙ አያስኬድም፤ ቋንቋው፣ ደራሲው፣ ተዋንያኑና ከተማው የአገር ውስጥ ናቸው፤ በአዘጋጁ ዘር ከሄድን ደግሞ «ጉማ»ም ከግሪክ አይርቅም። ሊያከራክር የማይችለው ነገር የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ሲጀመር ይዞት የተነሣው ጉዳይ የአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪ ኑሮ መሆኑ ነው። «ጉማ» ያነሣው የደም ካሳ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ውቤ በረሃና ሥነ ጽሑፍ

ፊልም የሸፈነውን የገለጠው ሥነ ጽሑፍ ነው። ፒያሳ አጠገብ የነበረው ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ የሌሊት ኑሮ ማዕከል ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ እንደሆነ ይነገራል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን የመሠረተው በዚህ ሰፈር ሴቶችና ደንበኞቻቸው ኑሮ ላይ ሲሆን፣ የጻፈውም በ1950ዎቹ ፈረንሳይ አገር ሳለ ነው። ወሲቡን በስሙ እየጠራ ስለሚጽፍ መጽሐፉ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ሲዞር ቆየ። የፈረንሳይኛው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2004 አክት ሱድ ከተባለው አሳታሚ ወጥቷል። ስብሐት በየካቲት 2004 ዓ.ም. አርፏል።

በአማርኛ ወሲብ ነክ የተባለ ሥራ ሲነሣ የመጀመሪያው ምሳሌ አሁንም ይኸው መጽሐፍ ነው፤ በፊልም በኩል እኩያ የለውም። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። መጽሐፍ ብቻን ሆኖ የሚነበብ ነው። ሲኒማ ቤት ግን እናትና ልጅ፣ አለቃና ምንዝር አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተዋናይቷም ነገ ታክሲ ውስጥ በመልኳ ትታወቃለች።

የዲጂታል ዘመንና «የፍቅር ዋጋ»

በደርግ ዘመን የፊልም ሥራ በመንግሥት እጅ ነበር፤ የፊልም ኮርፖሬሽኑም ከጥቂት ሥራዎች በላይ አልዘለቀም። የግሉ ፊልም በቪዲዮ ካሴት ተጀምሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዲጂታል ካሜራ ተስፋፋ፤ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የሽግግሩ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የሚሠሩት ፊልሞች በጀታቸው ትንሽ፣ የቀረጻ ጊዜያቸውም አጭር ነበር። ቦታው የዘመድ ቤት ወይም የወዳጅ ቡና ቤት ይሆናል፤ ልብሱን ተዋናይቷ ራሷ ይዛ ትመጣለች። በገበያው የበዛው የፍቅር ቀልድ ስለ ነበር የቡና ቤቷ ሴት ብዙ ጊዜ ለሳቅ ወይም ለምክር የምትገባ ደጋፊ ገጸ ባሕርይ ሆና ቆየች።

ከዚህ ልማድ የወጣው ኸርሞን ኃይላይ የጻፈችውና ያዘጋጀችው «የፍቅር ዋጋ» (እ.ኤ.አ. 2015) ነው። ታሪኩ የቴዲ ነው፤ እናቱ ሴተኛ አዳሪ የነበረች፣ ከጫት ሱስ ጋር የሚታገል፣ አንድ ቄስ ደግፈውት ታክሲ የሚነዳ ወጣት። ፈሬ የተባለች ሴተኛ አዳሪ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሊልካት ከሚፈልገው ከቀድሞ ወዳጇ ጋር ስትጣላ ቴዲ መሐል ይገባል፤ በዚያች ደቂቃ ታክሲው ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የጠፋችውን መኪና ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። እስክንድር ታምሩ ቴዲን፣ ፈረወይኒ ገብረገርግስ ፈሬን ሆነው ተውነዋል። ፊልሙ በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮና በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። አዘጋጇ በሴተኛ አዳሪዎች ጎረቤትነት እንዳደገች ትናገራለች፤ ሴቶቹን የምታውቃቸውም እንደ እናትና እንደ ጎረቤት ነው።

የፊልሙ ጥንካሬ ሒሳቡ ላይ ነው። ታክሲው የቴዲ ዳቦ ብቻ ሳይሆን የአደራ ዕቃም ስለሆነ፣ መጥፋቱ ከፈሬ ጋር የሚያስተሳስረው ዕዳ ይሆናል፤ ፍቅሩ የሚመጣው ከዕዳው በኋላ ነው። ፈሬም ብትሆን ከቡና ቤት ለመውጣት ያላት አማራጭ የባሕር ማዶ ደላላ ነው፤ ይህም ከአንድ ገበያ ወደ ሌላ ገበያ መሸጋገር ነው። ፊልሙ የወጣው ሳዑዲ ዓረቢያ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ካባረረችና መንግሥት ለሥራ ወደዚያ የሚደረገውን ጉዞ ካገደ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ላይ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 909/2007 የጸደቀውም በዚያው ሰሞን ነው።

ጭፈራና ሽልማት

ራቁት ጭፈራ በአገሪቱ ፊልም ውስጥ የራሱ ዘርፍ የለውም። የሚታየው የአዝማሪ ቤት እስክስታ ወይም የናይት ክለብ ዳንስ ነው። በአዝማሪ ቤት የተወዛዋዥ ገቢ ከደመወዙ ይልቅ ሽልማቱ ነው፤ ታዳሚው ብሩን አጥፎ በላብ በወረዛው ግንባሯ ላይ ይለጥፋል፣ እርሷም ትከሻዋን ሳታቆም ዝቅ ብላ ታመሰግናለች። በዚህች ቅጽበት የገንዘብና የገላ ግንኙነት ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ሆኖም ተወዛዋዧ እስከ አንገቷ ለብሳለች። ፊልም ሠሪዎች ይህን ትዕይንት ከሚገባው በታች ተጠቅመውበታል። የተወዛዋዡን የመላኩ በላይን ፈንድቃ ጨምሮ የታወቁ አዝማሪ ቤቶች የነበሩበት ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ከፈረሱት ሰፈሮች አንዱ ነው።

ሕግ

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሴተኛ አዳሪነትን ራሱን ወንጀል አያደርግም፤ የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ነው (አንቀጽ 634)። አንቀጽ 640 ደግሞ ጸያፍ ጽሑፍና ምስል ማሰራጨትን ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ቢከለክልም፣ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይደነግጋል። በተግባር ፊልም ሲኒማ ቤት ለመታየት የባህል ቢሮን ፈቃድ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ቁጥብነት ግን ከፈቃዱ በፊት፣ ጽሑፉ ሲጻፍ የሚመጣ ነው።

ከሌላው ዓለም ጋር

በአሜሪካ የራቁት ጭፈራ ቤት ድራማ ያበበው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቪዲዮ ካሴት ገበያ ነው። በካት ሺ የተዘጋጀው «ስትሪፕድ ቱ ኪል» (1987) የአነስተኛ በጀቱ ምሳሌ ሲሆን፣ የፖል ቨርሆቨን «ሾውገርልስ» (1995) በትልቅ በጀት ተሠርቶ በሲኒማ ቤት ከከሰረ በኋላ በካሴት ተመልካች አገኘ። ለኢትዮጵያ ተመልካች ቅርብ የሆነው ግን የሕንዱ መንገድ ነው። እንደ «ፓኪዛ» (1972) ያሉ ፊልሞች ለወንዶች የምትጨፍረውን ሴት ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ አልብሰው፣ ኃዘኗን በዘፈን ያሰሙ ነበር።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወጥተን ብናይ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሞርሲቶ ዓይነት ከተሞች ለብዙ ዓመታት ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ማለት ነበር። ጨለማ ክፍል፣ ርብራብ አግዳሚ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ፕሮግራም። ቀን የሕንድና የካራቴ፣ ማታ የአማርኛ ፊልም ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በድብቅ የወሲብ ፊልም የሚያሳዩ አሉ ተብሎ ስለሚታማ የሃይማኖት ሰዎችና ወላጆች ቤቶቹን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢው ሰፊ ተከታይ ስላላቸው መጠጥና ጭፈራ የሚወገዝ ነገር ነው፤ በካሴትና በኋላም በዩቲዩብ በብዛት የተሰራጨውም መዝሙር ነው።

አካባቢው በስደት ይታወቃል፤ ወንዱ በአብዛኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቷ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ስለዚህ «የፍቅር ዋጋ» ውስጥ ካለው ታሪክ እዚህ ይበልጥ የሚታወቀው የቡና ቤቱ ሳይሆን የደላላው ክፍል ነው።