የሥራ ላይ አደጋና የአሠሪ ኃላፊነት፤ ከባሕር ዳር ታሪክ ጋር

ዕድር ሰው ሲሞት በምን ሞተ ብሎ አይመረምርም። ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ስሙ ከመዝገብ ተፈልጎ የተወሰነው ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሁሉንም እኩል ያደርጋልና። ነገር ግን ሁሉም ሟች በአልጋው ላይ ታሞ የሞተ አይደለም። ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ፣ ማሽን ይዞት፣ ኤሌክትሪክ ጨብጦት የሚሞት አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከዕድሩ ሌላ የሚጠየቅ ወገን አለ። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን የአሠሪ ኃላፊነት የሚባለው ነገር በአገራችንና በከተማችን ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። እኛ ጠበቆች አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ነን። ወረቀት ግን አይተናል።

ከፋብሪካ በፊት ጣና ራሱ የሥራ ቦታ ነበር፤ ዛሬም ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፈውም ሆነ የነገደ ወይጦው ዓሣ አስጋሪ ማዕበል ሲነሣ የሚታገለው ብቻውን ነው። ታንኳው የራሱ፣ ማገዶው የራሱ፣ ሰዓቱም የራሱ። ቢሰምጥ «እግዜር ወሰደው» ከማለት በቀር ማን ይከሰሳል? ማን ነው ኃላፊው የሚለው ጥያቄ የመጣው ሰው በሌላ ሰው ማሽን አጠገብ፣ በሌላ ሰው ደወል መቆም ሲጀምር ነው።

በከተማችን ይህ የሆነው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ኢጣልያ በወረራው ላደረሰችው ጉዳት ካሣ ለመክፈል በ1948 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማማች፤ በዚያ ገንዘብ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ፋብሪካችን ራሱ የጉዳት ካሣ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ደረሰለት። ትናንት እርሻ ላይ የነበረ የገበሬ ልጅ ማታውን ከሚሽከረከር ብረት ጋር ሲያድር ምን ያህል አዲስ ነገር እንደ ነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል።

ሕጉስ ነበረ ወይ ቢሉ፣ ነበረ። በ1936 ዓ.ም. የፋብሪካዎች አዋጅ ወጥቶ በፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠበቅ መንግሥት ሥልጣን ወስዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና አካል እንዲጠብቅ፣ በሥራ ለሚደርስ አደጋና በሥራ ለሚመጣ በሽታም እንዲጠየቅ ደነገገ። በጀርመን አገር የሥራ አደጋ መድን በሕግ የቆመው በ1884 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ እኛ ዘገየን እንጂ አልቀረንም። ችግሩ ሕጉን ይዞ የሚቆም ሰው ማጣት ነበር። ማኅበር ያልተፈቀደለት ሠራተኛ ብቻውን ሄዶ አለቃውን ምን ይበለው?

ከዚህ ላይ ዕድር ወደ ታሪኩ ይገባል። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ በፊት በየፋብሪካውና በየእርሻው ያሉ ሠራተኞች የሚሰባሰቡት በዕድርና በመረዳጃ ስም ነበር። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብና ለቀብር የተጠራ ስብሰባ ማንም አይከለክልምና፣ ስለ ደመወዝና ስለ ተቆረጠ ጣት የሚወራው እዚያው ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ሲወጣ መሠረቱ ከዚህ ዓይነት መሰባሰብ የተጣለ ነበር። ታዲያ ዕድር ምን ያውቃል የሚሉን ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ደግ ነው።

ከዚያ በኋላ አዋጅ በአዋጅ ላይ ተተካ። በ1968 ዓ.ም. ቁጥር 64 መጣ፤ ፋብሪካው ሁሉ ተወርሶ አሠሪው መንግሥት በሆነበት ዘመን ማለት ነው፣ ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ቤት ሲሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው። በ1983 ዓ.ም. አገራችን ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን 155ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ተቀበለች። በ1985፣ በ1996ና በ2011 ዓ.ም. አዳዲስ አዋጆች ወጡ፤ የመጨረሻው ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው ማስተማር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ መስጠት፣ አደጋ ሲደርስ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማስታወቅ አለበት።

እጅ ሲቆረጥ ደም ይታያል፤ ምስክርም ይገኛል። ትልቁ ነገር ግን ደም የሌለው ጉዳት ነው። ጥጥ ከታሰረበት ተፈትቶ በሚነፋበትና በሚበጠርበት ክፍል የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ እየገባ ቢሲኖሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። የዚህ በሽታ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ሰውዬው እሑድ ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ሰኞ ሥራ ሲገባ ደረቱን ያፍነዋል። በፈረንጅ አገር «የሰኞ ትኩሳት» ይሉት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ሰኞ ደረቴን አመመኝ ያለ ሠራተኛ «እሑድ ጠጥቶ ነው» ተብሎ ሲሳቅበት ሰምተናል። በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ካሉት 43.2 በመቶው፣ በሚበጠርበት ክፍል ካሉት 37.5 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1995 እንደ እነርሱው አቆጣጠር የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የሳንባ ሕመም በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሐኪሞቹ ጻፉ፤ ሕጉም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። ሆኖም ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ እያሳለ ሲሞት ለቅሶው ላይ የሚወራው ብርድ መታው ነው፣ አለዚያም አስም ነበረበት ነው።

ሁለተኛው ነገር «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የምትለዋ ቃል ናት። በሠራንባቸው ዓመታት ወደ መዝገብ ቤት የሚመጡ የአደጋ ወረቀቶች ላይ ይህችን ቃል ያላየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማሽኑ መሸፈኛ እንደ ሌለው፣ ጓንት እንዳልተሰጠ፣ ሰውዬው ሁለተኛ ፈረቃ በላይ በላዩ እንደ ሠራ አይጻፍም። የሚጻፈው ይህችው ናት፤ ቤተሰቡም አንብቦ «እንግዲያማ ጥፋቱ የኛ ነው» ብሎ ይመለሳል። ኧረ ሕጉ እንዲህ አይልም! አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ሲገባ ማለት ነው። መዘንጋትና ደክሞ መሳት ከዚህ አይቆጠርም።

ሦስተኛውን ስንጽፍ ቅር የሚለው ሊኖር ይችላል። አሠሪው ለቅሶ ይመጣል፤ ሣጥን ይገዛል፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ያስጭናል፣ ለእናቲቱ በእጇ ጥቂት ብር ያኖራል፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ያለቅሳል። ሰው ስለሆነ ነው፣ እናመሰግናለን። ከዚያ በኋላ ግን «በሰላም ተጨርሷል» የሚል ወረቀት ይፈረማል። ሽማግሌዎቻችን በቅንነት ነው የሚያስታርቁት፤ ሒሳቡን ግን የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ ለጡረታ ያልተመዘገበ፣ በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሞተ እንበል። በ1996ቱ አዋጅ ስሌት ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው፤ 180,000 ብር። ከዚህ ግማሹ ለሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር በመቶ፣ ይረዳቸው ለነበሩ ወላጆችም እንዲሁ አሥር አሥር በመቶ ነው። ለቀብር ማስፈጸሚያ ደግሞ ለብቻው ከሁለት ወር ደመወዝ ያላነሰ ይከፈላል፤ 6,000 ብር መሆኑ ነው። ጤፉና ሣጥኑ ከዚህ ጋር ሲተያዩ ምን ያህል እንደሆኑ እያንዳንዱ አባል በቤቱ ያስላው። ዕድሩ የሚሰጠው ገንዘብ ከዚህ ላይ የሚቀነስ አይደለም፤ ያ የሟቹ የራሱ መዋጮ ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በዕድራችን የሞት መዝገብ ላይ «በሥራ ላይ ነውን?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ አዎ ከሆነ የት፣ በምን ሰዓት፣ ማን አይቶ የሚለው በዚያው ሳምንት ይጻፍ፣ የሐኪም ወረቀቱም ቅጅ ይያዝ። ምስክር የሆነው የሥራ ጓደኛው በለቅሶው ሦስት ቀን ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ከወር በኋላ ግን ወደ ሌላ ሥራ ሄዶ አድራሻው ይጠፋል። ደግሞም ከሥራ ግንኙነት የሚመጣ ክስ፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነለት በቀር፣ በአንድ ዓመት ይርጋ ይቆማል። አርባው ይውጣ፣ ሰማንያው ይውጣ እየተባለ ሲጠበቅ የሙት ዓመቱ ድግስ በተደገሰበት ሳምንት የመክሰሻው ጊዜም አብሮ ያልቃል።