የሠዓሊው ጓሮ

ክሎድ ሞኔ በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ውስጥ በተወሳ ቁጥር አብሮት የሚወሳው የብርሃን ነገር ነው። ፀሐይ ከማለዳ እስከ ምሽት በአንድ ግድግዳ፣ በአንድ የእህል ክምር፣ በአንድ ወንዝ ገጽ ላይ የምታመጣውን ለውጥ በሸራ ላይ ለማስቀረት ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሠዓሊ መሆኑ ብዙ ተጽፎበታል። ጓሮው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወግ ማጣፈጫ ተነሥቶ የሚታለፍ ነው። ይህም አግባብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 ተወልዶ በ1926 የሞተው ይህ ሰው የዕድሜውን እኩሌታ ያሳለፈው በአንድ ግቢ ውስጥ መሬት እያስቆፈረ፣ ዘር እያስመጣ፣ ውሃ እያስገደበ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአትክልት ፍቅሩ በአንድ ቀን የበቀለ አልነበረም። ከፓሪስ አጠገብ በአርዣንተይ፣ ኋላም በቬተይ በተከራያቸው ቤቶች ሁሉ ጓሮውን አበባ ሳያለብስ አልኖረም። ሆኖም የኪራይ ቤት የኪራይ ነው፤ ነገ ልቀቅ ለሚባል ሰው ዛፍ መትከል ለባለቤቱ መድከም ነው። ስለዚህ ሞኔ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ባላቸው ትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች ይተክል ነበር። እነዚያው ማሰሮዎች በአርዣንተይም በቬተይም ሥዕሎቹ ውስጥ መታየታቸው ጓሮውን ከቤት ዕቃው ጋር ጭኖ ይዞር እንደ ነበር ያስረዳል። በገንዘብ እጦት የተንገላታባቸው ዓመታት ነበሩ። የመጀመሪያ ሚስቱ ካሚይ በ1879 የሞተችውም በቬተይ ነው።

በ1883 የጸደይ ወራት፣ አርባ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው፣ ሴን ወንዝ አጠገብ ባለችው ዢቨርኒ በምትባል የገበሬዎች መንደር ቤት ተከራየ። አብረውት የመጡት አሊስ ኦሸዴና ስምንት ልጆች ናቸው፤ ስድስቱ የእርሷ፣ ሁለቱ የእርሱ። ግቢው አንድ ሔክታር ገደማ ሲሆን ከቤቱ ፊት ለፊት የፖም ዛፎች ነበሩበት። ሞኔ ገና ዕቃው ሳይደላደል ወደ ቁፋሮው ገባ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ዝናብ ከቤት ባዋለው ቀን እየቀጠፈ የሚሥላቸው አበቦች እንዲኖሩት ፈልጎ ነበር። ሲመሽ ውሃ የሚያመላልሱት ልጆቹ ናቸው። ከበሩ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ጥላ ያለበሱትን ጥድ መሰል ዛፎች ለማስቆረጥ ሲነሣ ግን አሊስ አጥብቃ ተቃወመችው፤ በመጨረሻ በቤቱ ደጃፍ ያሉት ሁለቱ ተረፉላት።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ቤት ወዳድ ሰው ታሪክ ነው። መልኩን የለወጠው ከ1890 በኋላ ያለው ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ሞኔ የተከራየውን ቤትና ግቢ በ22,000 ፍራንክ ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት የእህል ክምሮቹን ሥዕሎች ፓሪስ ላይ አሳይቶ ገበያው ደራለት። በዚያው በ1891 ሌላ ነገር ገጠመው። በኤፕት ወንዝ ዳር ተሰልፈው የቆሙትን ፖፕላር የሚባሉትን ረጃጅም ዛፎች በመሣል ላይ ሳለ የአጎራባቹ መንደር አስተዳደር ዛፎቹን ለጨረታ አወጣቸው። ሞኔ ያለው አማራጭ ከአንድ የእንጨት ነጋዴ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሥዕሉን እስኪጨርስ ድረስ ሳይቆረጡ እንዲቆዩለት መዋዋል ብቻ ነበር። ሥዕሉ አለቀ፤ ዛፎቹም ወደቁ። ክምርም ቢሆን ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወቃዋል። የሞኔን የአትክልት ጉጉት መረዳት የሚቻለው ከዚህ ላይ ነው። ማንም የማይወቃው፣ ማንም የማይሸጠው፣ ራሱ የተከለው የሚሣል ነገር ያስፈልገው ነበር።

በየካቲት 1893 ከግቢው በታች፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ረግረጋማ ቦታ ገዛ። ሐሳቡ ከኤፕት ወንዝ የሚመጣውን ትንሽ ጅረት ጠልፎ ኩሬ ማበጀትና የውሃ አበባ ማብቀል ነው፤ በጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው የሚያውቀው፣ ሥሩን በጭቃ ውስጥ ሰድዶ ቅጠሉን በውሃው ገጽ ላይ የሚዘረጋው ዓይነት። በአገሩ የሚገኘው ነጩ ብቻ ነበር። ላቱር ማርሊያክ የተባለ አትክልት አዋቂ ግን በደቡብ ፈረንሳይ የተለያዩ ዝርያዎችን አዳቅሎ ብጫና ቀይ አበባ የሚሰጡትን አውጥቶ በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቶ ነበር። የሞኔም ትእዛዝ ወደዚሁ ሰው ሄደ።

መንደሩ ግን ተነሣበት። በጅረቱ ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ ሰዎች፣ ከባዕድ አገር የመጣው ተክል ውሃውን ይመርዝብናል ብለው ሠጉ። ሞኔ እጅግ ተቆጣ፤ ለአውራጃው አስተዳዳሪም አቤቱታውን በጽሑፍ አቀረበ። ኩሬው ለዓይን ደስታና ለሥዕል የታሰበ መሆኑን፣ በጅረቱም ላይ ጉዳት እንደማያደርስ አስረድቶ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ፈቃዱን አገኘ። በኋላ ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ገበሬዎቹን እንደ ጨለምተኞች ይሥሏቸዋል። ይህ ፍርድ የችኮላ ነው። አበባው መርዝ አለመሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጅረት ለእነርሱ ማየት የሚያስደስት ነገር ሳይሆን ማጠቢያና የከብት መጠጫ ነበር፤ ከወንዙ በላይ ያለ ባለ ገንዘብ ውሃውን ሲጠልፍ ከታች ያለው ሰው ቢጠይቅ አያስደንቅም። የታዋቂው ሠዓሊ አቤቱታ ተሰሚነት ማግኘቱም የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ግቢው የአንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ አበቃ። አትክልተኞቹ ስድስት ደረሱ። የወጥ ቤት አትክልት በመንደሩ ውስጥ ወደ ያዘው ሌላ ቤት ተዛወረ፤ ጎመኑ ለአይሪስና ለዳሊያ ቦታውን ለቀቀ። በኩሬው ላይ ከጃፓን የእንጨት ኅትመቶች ያየውን የመሰለ ደጋን ድልድይ ተሠርቶ አረንጓዴ ተቀባ፤ በዳርቻው ቀርከሃና አኻያ በቀለ። አንደኛው አትክልተኛ በታንኳ ሆኖ የደረቀውን ቅጠል የሚለቅም፣ አቧራውን የሚያጥብ ነበር። ይህም የሆነው ሠዓሊው ወደ ሸራው ከመቅረቡ በፊት ኩሬው መስታወት እንዲሆንለት ነው። በግቢው መካከል የሚያልፈው መንገድ በመኪና አቧራ አበቦቹን ባለበሰ ጊዜ ደግሞ ሞኔ ከኪሱ ከፍሎ ሬንጅ አስፈሰሰበት። በ1901 ተጨማሪ መሬት ገዝቶ ኩሬውን እጅግ አሰፋው። በ1909 ፓሪስ ውስጥ በዱራን ሩዌል የሥዕል ማሳያ አርባ ስምንት የውሃ አበባ ሥዕሎች ሲያቀርብ፣ በብዙዎቹ ውስጥ ዳርቻው እንኳ አይታይም፤ ውሃና በውሃው ውስጥ የተገለበጠ ሰማይ ብቻ።

መጥፎው ዘመን ተከታትሎ መጣ። በ1910 የሴን ወንዝ ሞልቶ የውሃውን አትክልት አጥለቀለቀው። በ1911 አሊስ፣ በ1914 የበኩር ልጁ ዣን ሞቱ። የዓይኑ ሞራ ቀለማትን ያደናግረው ጀመር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም ቤቱን ለቅቆ አልሄደም። በእነዚህ ዓመታት በግቢው ውስጥ ግዙፍ የሥዕል አዳራሽ አሠርቶ በሁለት ሜትር ቁመት የተዘረጉትን ታላላቅ ሸራዎች ተያያዘ። ጦርነቱ በቆመ ማግሥት፣ ኅዳር 12 ቀን 1918፣ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ጽፎ ከሥዕሎቹ ለፈረንሳይ መንግሥት ሊሰጥ ቃል ገባ። ስጦታው እየሰፋ ሄዶ ሃያ ሁለት ሸራዎች ሆነ። ፓሪስ በሚገኘው ኦራንዠሪ ለሕዝብ የተከፈቱት ግን በግንቦት 1927፣ ሠዓሊው ከሞተ ከአምስት ወራት በኋላ ነው።

ጓሮውን ከእርሱ በኋላ የጠበቀችው የአሊስ ልጅ፣ ራሷም ሠዓሊ የሆነችው ብላንሽ ነበረች። እርሷ በ1947 ስትሞት ግቢው ጠባቂ አጣ። ሸራ በግድግዳ ተሰቅሎ መቶ ዓመት ይቆያል፤ አትክልት ግን አራሚ ካጣ የጥቂት ክረምት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። አረም ወረሰው፤ የኩሬው ዳርቻ በውሃ አይጦች ተቦርቡሮ ፈረሰ፤ ድልድዩ በሰበሰ። ልጁ ሚሼል በ1966 ሲሞት ንብረቱን ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተናዘዘ። ዤራልድ ቫን ደር ኬምፕ እድሳቱን የያዘው በ1977 ነው። ኩሬው እንደገና ተቆፈረ፤ ድልድዩም በፊተኛው አምሳል አዲስ ተሠራ። ግቢው በ1980 ለጎብኚዎች ተከፈተ። ዛሬም በማለዳ፣ ሰው ሳይገባ፣ አትክልተኛ በታንኳ ሆኖ የደረቀውን ቅጠል ይለቅማል።