ቁጠባ ከማን ይጀምራል?

ኑሮ በተወደደ ቁጥር ምክር ይረክሳል። «ቆጥቡ!» የማይለን የለም፤ ባንኩም፣ ሬዲዮውም፣ ሰባኪውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ይበልጥ በረከተ።

ምክሩን አልጠላም። የእኔ ጥያቄ ቁጠባው ከማን ይጀምራል የሚል ነው። ለዚህ ታሪካችን መልስ አያጣም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ረሃብ ስሙ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ነው። መነሻው በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ ነበር። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አልቋል የሚሉ ግምቶች አሉ። በሬ ካለቀ ሞፈርና ቀንበር ምን ይሠራል? በዚህ ላይ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመረ። የቀረው በእጅ መቆፈር ነው፤ መቆፈር ደግሞ ለጨዋ ሰው ነውር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ዶማም ይዘው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። ንጉሥ ስለቆፈረ አገር አይጠግብም። ግን ንጉሡ ዶማ ከያዘ ወዲያ «እኔ አልቆፍርም» የሚል መኳንንት ምን አፍ አለው?

በ1966 ዓ.ም. የሆነው ሌላ ነው። ወሎ በረሃብ ካለቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ተጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ቀናት ሳይቆይ ዋጋውን ቀነስ አደረገ። ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሳው የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያን ፊልም ከባድ ያደረገው ረሃቡ ብቻ አይመስለኝም፤ የረሃቡና የድግሱ ጉርብትና ነው።

ፊልሙን ያሳየን ደርግስ? መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ አከበረ። በጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቢቢሲ ዓለምን አዳረሰ። ፊልሙን ያሳየው በተራው ፊልሙ ውስጥ ገባ።

ይህ የቤተ መንግሥት ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ እስቲ ወደ ገዛ ጓዳው ይመልከት። አባወራው «ወጪ ይቀነስ» ሲል መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? የልጆቹ ወተት፣ የወጡ ቅቤ። ከሁሉ በፊት ግን የእናት ጉርሻ ነው። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» ትላለች፤ ያልቀመሰችውን። ይህ ቁጠባ በማንም ደብተር አይመዘገብም። ማታ ማታ የሚጠጣው ቢራና በብድር የሚደገሰው ተዝካር ግን የሚነካቸው የለም፤ «ሰው ምን ይለኛል» አለቻ!

ለዚህ ነው ነውርን ማንሳት ዋጋን ከማስላት ይቀድማል የምለው። ጤፍን በማሽላ መቀየጥ ነውር የሚሆነው እንግዳ እንዳያየው ሲደበቅ ነው። የቤቱ ባለቤት ራሱ ቆርሶ «ኑ፣ ብሉ» ካለ ማን ያፍራል? ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ እንዴ!

ቋንቋችን እኮ ይህን ያውቀዋል። «ቆጠበ» ስንል ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰውዬው ራሱንም ይቆጥባል፤ ከማይገባው ይከለክላል። እኛ ገንዘቡን ይዘን ራስን መቆጠቡን ለሌላው ሰጠነው።

እናም በሚቀጥለው ወር የወጪ ዝርዝር ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ እስክሪብቶውን የያዘው ሰው መጀመሪያ የራሱን ይሰርዝ። የሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል።