ቀዳማይ ምንጭ

በታሪክ ጥናት «ቀዳማይ ምንጭ» የሚባለው በሚጠናው ዘመን ወይም ያንን ዘመን ባየ ሰው የተጻፈ፣ የተነገረ ወይም የተሠራ ማስረጃ ሲሆን፣ ደብዳቤ፣ ውል፣ የፍርድ ውሳኔ፣ ጋዜጣ፣ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ቆይቶ የጻፈው ትዝታ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ፤ እነዚህን መርምሮ ሌላ ሰው በኋላ ዘመን የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ «ዳግማይ ምንጭ» ይባላል። «የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ» የሚለው አጠራር በትምህርት ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ «ደረጃ» የሚለው ቃል ማስረጃው የበለጠ እውነተኛ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያስገምት፣ ቅድሚያን ብቻ የሚያመለክተው «ቀዳማይ» ይመረጣል።

ቅርበትና እውነተኛነት የተለያዩ መሆናቸው በሰገሌ ጦርነት ታሪክ በግልጽ ይታያል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ሲታወጅ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀንም ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ካዩትና ከሰሙት በሚመዘግበው ትዝታቸው ስለዚህ ዘመን ጽፈዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ባዘጋጁት የሕይወት ታሪካቸው ስለዚያው ዘመን ተርከዋል፤ ሆኖም ተራኪው የልጅ ኢያሱ መውረድ ዋና ተጠቃሚ ስለነበሩ፣ ትረካቸው ለድርጊቱ የቀረበ የመሆኑን ያህል የአንድ ወገን ምስክርነት ነው። ከወሎ ተነሥቶ ያልተመለሰው ወታደርና ቤተ ሰቡ የተናገሩት በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት እምብዛም አይገኝም፤ ይህም በወሎ ለሚገኙት ለወልድያና ለመርሳ ተማሪ ትልቅ ክፍተት ነው።

ክፍተቱን የሚያጠቡ ማስረጃዎች የሚፈለጉት ከቤተ መንግሥት ርቆ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭና የዕርቅ ቃል የመመዝገብ ልማድ ስለነበረ፣ ለጸሎት የተጻፈው ብራና የመሬት ታሪክም ይገኝበታል። ዳናን በመሰሉት የየጁ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደግሞ በዓረብኛና በአጀሚ፣ ማለትም የአገሩን ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል በመጻፍ፣ የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉ፤ የወሎን እስልምና ያጠኑት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ከእነዚህና ከሽማግሌዎች ቃል ብዙ ተጠቅመዋል።

የቃል ምስክርነት ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ ከ1936 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ፕሮጀክት የተሰማሩ ጠያቂዎች ከ2,000 በላይ የቀድሞ ባሪያዎችን ቃል መዝግበዋል፤ የመዝገቡ ዋጋ ከፍተኛ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ጠያቂዎች ነጮች ስለነበሩ ሽማግሌዎቹ ምን ያህል በነጻነት ተናገሩ የሚለውን ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠይቃሉ። በወሎም በሀብሩ ወረዳ አንድ አዛውንት አያታቸው ስለ ሰገሌ የነገሯቸውን ቢተርኩ፣ ቃላቸው ስለ ውጊያው ከሌላ አፍ የተወሰደ ወሬ ሲሆን፣ የሀብሩ ሰው ውጊያውን እንዴት እንደሚያስታውሰው ለሚያጠና ግን ቀዳማይ ምንጭ ነው፤ ስያሜውን የሚወስነው የጥያቄው ዓይነት ነውና። ስለዚህ መዝጋቢው የተናጋሪውን ዕድሜና መንደር፣ ታሪኩን ከማን እንደሰሙት፣ የተመዘገበበትንም ቀን መጻፍ፣ አነጋገራቸውንም ሳያርም እንዳለ ማስቀመጥ ይኖርበታል።