የገብሳችን መንገድ ወደ ስቫልባርድ

ከሰሜን ዋልታ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች ከተማ ሎንግየርብየን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም። ከዚያም በኋላ ተራራ ስለሚጋርዳት፣ የከተማው ሰው ጨረሯን ለማየት የካቲት እስኪያልቅ ይጠብቃል። የዋልታ ድብ ስለሚያሰጋ ከከተማ የሚወጣ መንገደኛ ጠመንጃ ይይዛል። የካቲት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት ዓመት፣ እንግዶች ወደዚያ ብርድ የሄዱት ዘር ሊያስቀምጡ ነበር። የስቫልባርድ ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ሲመረቅ የመጀመሪያውን ሣጥን ያስገቡት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይና የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው።

ማከማቻው በተቆፈረበት ተራራ ሆድ ውስጥ መነሻቸው ኢትዮጵያ የሆነ የገብስ፣ የስንዴና የማሽላ ዘሮች አሉ። ታሪካቸው ግን ከማከማቻው በፊት ይጀምራል። ሩሲያዊው የእፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ደጋውን ዞረ። የገበሬው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት አስደንቆት አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። ስብስቡ ሌኒንግራድ ወደሚገኘው የዘር ባንክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብና በብርድ ሲያልቅ፣ የዘር ባንኩ ሠራተኞች ሩዝና ኦቾሎኒ በእጃቸው እያለ በረሃብ ሞቱ፤ ዘሩን አልነኩም። ቫቪሎቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፈ። ስለ ዘር ሲነሳ እነዚህን ሰዎች ሳላስብ አላልፍም።

እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም እናቶች ከፎቅ ወርደው በግቢው ሰሌን ላይ እህል ያሰጣሉ፤ እርጥብ እህል እንደሚነቅዝ ከእናቶቻቸው ተምረዋል። የስቫልባርዱም አሠራር ከዚያው ይነሳል። ዘሩ በሚገባ ይደርቃል፣ በአሉሚኒየም ከረጢት ይታሸጋል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ታየ፤ በሶርያ ጦርነት የአሌፖ ባንኩን መጠቀም ያቃተው ኢካርዳ የተባለው የምርምር ማዕከል፣ ያስቀመጠውን ዘር ከስቫልባርድ አስመጥቶ በሞሮኮና በሊባኖስ አባዛ።

የማከማቻው ደንብ ግን ሣጥኑን የማስወጣት መብት ላስቀማጩ ብቻ ይሰጣል። የወሎ ገበሬ ቅድመ አያቶቹ መርጠው ያቆዩትን ገብስ ከዚያ ልውሰድ ቢል አይችልም፤ የሚችለው ሣጥኑን የላከው ተቋም ነው። የበረደ ዘርም አዲስ ድርቅን፣ አዲስ ዋግን አይለምድም፤ በየዓመቱ የሚዘራው ግን ይለምዳል። በእኔ እምነት ማከማቻው መጠባበቂያ እንጂ ዋናው ቤት አይደለም።

ይህን ቀድመው ያዩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለዓመታት መርተዋል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ ነበር። መላኩና ባልደረቦቻቸው ዘርን በባንክ ከማቆየት አልፈው፣ በወሎና በሸዋ የአገሬው ዝርያ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራና እየተመረጠ እንዲቆይ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው የአገራችንን የዘር ሀብት በመጠበቃቸው ነው።