አንዴ ለሚቃጠል ዘይት ስንት እንክፈል?

ነገሩ በአይስክሬም ተጀመረ ይባላል። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ባለ አንድ ሐይቅ ላይ ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ ጀልባ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ መንገድ ላይ ቀለጠበት። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰውየው በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር ለገበያ አቀረበ። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ቀላል፣ ለመጠገን የማያስቸግር።

ለመሆኑ ይህ ሞተር ሲንተቲክ የሚባለውን ውድ ዘይት ቢጠጣ ዋጋውን ያወጣል? መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ።

ባለ ሁለት ስትሮክ እንደ መኪና ሞተር ኦሊዮ የሚጠራቀምበት ቋት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይገባል፣ ፒስተኑንና ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ይቃጠላል። በድሮዎቹ ሞተሮች ለ16 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚጨመርበት ጊዜ ነበር። በ1960ዎቹ 1 ሊትሩ ለ50 ሊትር በቃ።

የመኪና ኦሊዮ ሲጨመርበት ግን ችግር ተፈጠረ። ኦሊዮው ውስጥ ያለው የብረት ቅመም ሲነድ አመድ ይተዋል፤ አመዱ ካንዴላው ላይ ይጋገራል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። የአሜሪካ የጀልባ ኢንዱስትሪ ማኅበር አመድ ለማይተው ዘይት መለኪያ ያወጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ቲሲ-ደብሊው 3 ይባላል። ዘይቱ ሞተር ላይ ተፈትኖ ካለፈ ምልክቱን ያገኛል፤ ሲንተቲክ ይሁን ከድፍድፍ የተጣራ፣ ፈተናው አንድ ነው።

ሲንተቲክ ስሙን ያተረፈው ሌላ ሜዳ ላይ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቀጥሎም የጄት ሞተር ሠሪዎች፣ ብርድና ሙቀት የሚችል ዘይት ፈልገው ነው የገፉበት። በ1974 ሞቢል 1 ለመኪና ቀረበ። የሻጩ ክርክር ጠንካራ ነበር፦ ውድ ነው፣ ግን ሳይቀየር ብዙ ይሄዳል። ጀልባ ላይ ይህ ክርክር ይሰምጣል። አንዴ ነዶ ለሚወጣ ዘይት ረጅም ዕድሜ ምን ይሠራለታል?

«ለሐይቁስ አይጠቅምም?» ትሉን ይሆናል። ጭሱን ይቀንሳል፣ ጥቀርሻውንም እንዲሁ። ዋናው ብክለት ግን ዘይቱ አይደለም። ባለ ካርቡራተሩ ሁለት ስትሮክ ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ወደ ውኃ ይተፋል። ይህ የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ የትኛውም ዘይት አያድነውም። ለዚህም ነው ካሊፎርኒያና ኔቫዳ የሚጋሩት የታሆ ሐይቅ በ1999 የዘይት ዓይነት ሳይመርጥ እነዚህን ሞተሮች ራሳቸውን ያገደው።

ሲንተቲክ ዋጋውን ያወጣው ከዚያ በኋላ በመጡት፣ ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩት ሞተሮች ላይ ነው። በ2003 የወጣው የኤቪንሩድ ኢ-ቴክ ለእሱ በተሠራው ሲንተቲክ ዘይት ሲነዳ፣ ኮምፒውተሩ ተስተካክሎ ዘይቱን ቆጥቦ እንዲጠቀም ማድረግ ይቻል ነበር። ውድ ዘይት፣ ግን ጥቂት። በ2020 የኤቪንሩድ ሞተር ምርት ቆመ፤ ገበያውን ባለ አራት ስትሮክ ወስዶታል።

እንግዲህ ጣናም ሆነ ሐዋሳ ላይ በአሮጌ ሁለት ስትሮክ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ቢጠይቀን መልሳችን አጭር ነው። ምልክቱን እይ፣ ልኩን ጠብቅ፣ የቀረውን ገንዘብ ኪስህ አኑር። ሐይቁን ማዳን ከፈለግን የምንቀይረው ሞተሩን ነው። እሱ ደግሞ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ኪስ በላይ ነውና፣ ሒሳቡን ከሐይቁ የምንጠቀም ሁላችን ልንካፈለው ይገባል።